የንብረት ምልክት ያለባቸው ቦሎቄዎች

እኔ በተፈጥሮዬ ሰው አላምንም። ይህን የምለው ለመኩራራትም ለማፈርም ብዬ አይደለም፤ ሥራዬ ነው። በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ንብረት ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጫለሁ። ጠመኔው፣ መጥረጊያው፣ ኳሱ፣ ካርታው፣ ለተማሪ ምገባ የሚመጣው እህል ሁሉ በእኔ በር ይወጣል፣ በእኔ በር ይመለሳል። የማይመለሰውም ለምን እንዳልተመለሰ ይነገረኛል። ሳላስፈርም መርፌ አላወጣም። ልጆቹ «ጋሼ ይፈርሙ» የሚል ስም አውጥተውልኛል፤ የማላውቅ ይመስላቸዋል። ባለቤቴ ደግሞ «የኔው ሰውዬ ጥላውን እንኳ አስፈርሞ ነው ከቤት የሚያስወጣው» እያለች ለእህቶቿ ታወራለች። ታውራ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ እኔ እስካሁን አልተመነጠርኩም።

በእኛ ሙያ ዕቃ ሁለት ዓይነት ነው፤ አላቂና ቋሚ። ሳሙና አላቂ ነው፣ ወንበር ቋሚ ነው። ይህን የለየ ሰው ግማሹን ሥራ ጨረሰ ማለት ነው። የቀረው ግማሽ ሰውን መጠበቅ ነው።

ሰላሜ የደፈረሰው አንዲት አዲስ መምህርት የመጣች ጊዜ ነው። ሁለተኛ ክፍልን ሳይንስ እንድታስተምር የተመደበች፣ ቀጠን ያለች፣ ስትራመድ የምትሮጥ የምትመስል ልጅ ናት። በገባች በሦስተኛው ቀን ርዕሰ መምህሩን አሳምና ከእኔ ቢሮ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ወሰደች። ልጆቹ በእጃቸው እየነኩ፣ እየሞከሩ የሚማሩበት ክፍል ያስፈልጋታል ተባለ። ያ ክፍል ሁለተኛው መጋዘኔ ነበር። የመጻሕፍት ካርቶኖቼ ተጎትተው ኮሪደር ላይ ተከመሩ፤ እኔም በእነሱና በግድግዳው መሃል በጎኔ እየተንሸራተትኩ ወደ ጠረጴዛዬ መግባት ጀመርኩ። ሰውነቴ ደግሞ ቀላል አይደለም፤ ሆዴ ከእኔ ቀድሞ ነው የሚገባው። ክፍሉ ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱን አስፈርሜ ሰጠኋት። ሁለተኛውን ኪሴ ውስጥ አቆየሁት።

ከዚያ ጥያቄዋ ዘነበ። ዛሬ ማግኔት፣ ነገ መስታወት፣ ከነገ ወዲያ ሻማና ባዶ ጣሳ። አንድ ቀን ኮምጣጤና ፊኛ ጠየቀችኝ።

«ኮምጣጤና ፊኛ ምን ያገናኛቸዋል?» አልኳት።

«ፊኛውን ማንም ሳይነፋው እንዲነፋ እናደርገዋለን ጋሼ» አለችኝ ፈገግ ብላ።

ነገሩ አልጣመኝም። ማንም ሳይነፋው የተነፋ ነገር በሕይወቴ አይቻለሁ፤ መጨረሻው አያምርም። ሰጠኋት፤ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ በዓይነ ቁራኛ ነበር የምጠብቃት። ደግሞ ሰው ስጠራጠር አንቱታ አበዛለሁ፤ ያመልጠኛል። እሷ ልጄ ልትሆን የምትችል ሴት ናት፣ እኔ ግን «እርስዎ» እያልኩ ነበር የማናግራት።

ልጆቹም ተበላሹብኝ። ዱሮ «አትሩጡ» ሲባሉ ይቆሙ የነበሩ ልጆች «እንዴት እናውቃለን?» ማለት ለመዱ። መምህሯ ናት ያስለመደቻቸው። ማንም ምንም ቢል፣ እሷም ብትሆን፣ መጀመሪያ ይህን መጠየቅ፣ ከዚያ መሞከር፣ ከዚያ ያዩትን መጻፍ። አንዲት የፊት ጥርሶቿ የወለቁ ልጅ አለች፤ ከሁሉም የባሰች እሷ ናት። «ኮሪደሩ ያንሸራትታል፣ በቀስታ ሂዱ» ብላት፣ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ተንሸራተተች፣ ተመልሳ በጫማ ተንሸራተተች፣ ከዚያ «እውነትዎን ነው ጋሼ፣ በካልሲ ግን ይብሳል» ብላኝ ሄደች።

ማታ ማታ ተማሪ ሲለቀቅ ሁለተኛውን ቁልፍ ይዤ እገባ ነበር። ለመቁጠር ነው። አንድ ቀን ጠዋት መምህሯ በሬ ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ትናንት ማግኔቶቹን በሳጥኑ ሁለት ጥግ ለያይቼ ነበር ያስቀመጥኳቸው፤ ዛሬ ተጣብቀው አገኘኋቸው» አለችኝ።

«ማግኔት አይደሉ? ይጣበቃሉ» አልኳት።

«ከሁለት ጥግ ተነስተው?»

ወረቀት ማገላበጥ ጀመርኩ። እሷም አላከረረችውም። አየት አድርጋኝ ሄደች። ያን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ እኔ ሰው ሳይ የማየው እንደዚያ ነው።

ክፍሉ እንዲመለስልኝ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አመለከትኩ። በሦስተኛው ርዕሰ መምህሩ አስጠርተው «የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ከትምህርት ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪዋ ይመጣሉ» አሉኝ። «የልጅቷን ትምህርት ያያሉ። ይረባል ካሉ ክፍሉ ይቆይላታል። አይረባም ካሉ ይመለስልሃል፤ እሷም እንደ ሰው በጠመኔ ታስተምራለች።»

ከዚህ በኋላ ነው የቦሎቄው ነገር የመጣው።

«ጋሼ፣ ከምገባው ነጭ ቦሎቄ አሥራ ሁለት ቢሰጡኝ» አለችኝ በዚያው ቀን፣ ሰኞ።

«አሥራ ሁለት ኪሎ?»

«አሥራ ሁለት ፍሬ።»

እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። እህል በጆንያ የሚሰርቅ ሰው አውቃለሁ፤ በፍሬ የሚጀምር ግን የት እንደሚደርስ አይታወቅም። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት። ሦስት ጠርሙስ አዘጋጅታለች። በእያንዳንዱ ውስጥ ጥጥ ይነጠፋል፣ ጥጡ ላይ አራት አራት ቦሎቄ ይቀመጣል፣ ክዳኑ ይገጠማል። አንደኛው ውሃ ይጠጣና መስኮት ላይ ይውላል፤ ሁለተኛው ውሃ ይጠጣና ጨለማ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሦስተኛው መስኮት ላይ ይውላል፣ ውሃ ግን ጠብ አይልለትም። ልጆቹ ዘር ለመብቀል ምን እንደሚፈልግ በዓይናቸው ያያሉ። ተቆጣጣሪዋ ሲመጡ የሚያሳዩዋቸውም ይህንኑ ነው።

«ሲያልቅ ይመለሳሉ?» አልኳት።

«ይበቅላሉ እኮ ጋሼ። የበቀለ ቦሎቄ ምን ያደርግልዎታል?»

ይህ ጥያቄ በእውነት አስጨነቀኝ። የበቀለ ቦሎቄ አላቂ ነው ወይስ ቋሚ? መመሪያው ላይ የለም። «ነገ ጠዋት ይምጡ» ብዬ ሸኘኋት።

የእኔ ደንብ ምልክት የሌለው ንብረት እንዳይወጣ ነው። ወንበር ላይ ቁጥር እቀባለሁ፣ ኳስ ላይ እጽፋለሁ፣ የመጥረጊያ እጀታ እንኳ በጋለ ብረት እተኩሳለሁ። ይህቺ ልጅ የእኛን ሙሉ ሙሉ ቦሎቄ ወስዳ ነቀዝ የበላው የቤቷን አምጥታ «ያው ነው» ብትለኝ በምን እረታታለሁ? ቦሎቄ ላይ ደግሞ አይጻፍም። አሰብኩ፣ አሰብኩና መላ መጣልኝ። በሻይ ብርጭቆ ውሃ ቀዳሁ፣ ከማኅተሙ ሐምራዊ ቀለም ጥቂት ጠብታ ጨመርኩበት፣ አሥራ ሁለቱን ቦሎቄ ከትቼበት በሬን ቆልፌ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ጠዋት ስመጣ እንደ ሐር የሚያምር ሐምራዊ ሆነዋል። አንድ በአንድ በጨርቅ ጠርጌ፣ ጋዜጣ ላይ አንድ ሰዓት ያህል አስጥቼ፣ ፖስታ ውስጥ ከተትኳቸው። በራሴ ተደሰትኩ፤ አልዋሽም።

መምህሯ ፖስታውን ከፍታ አየችና «ምን ሆነው ነው?» አለች።

«የንብረት ምልክት ነው።»

አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «እሺ፣ ይሁን። ደግሞ ወፈር ወፈር ያሉትን መርጠውልኛል፤ አመሰግናለሁ» ብላ ፈረመችና ሄደች።

ያን ሳምንት እንደ ልማዴ ገብቼ ልቆጥር አስቤ ነበር። ግን ያኔውኑ ሰባ አዳዲስ ወንበሮች መጡና ቁጥር ስቀባ ከረምኩ። በክፍሉ ደጃፍ ሳልፍ እንኳ ብሩሽ በእጄ ነበር።

በሚቀጥለው ሰኞ ርዕሰ መምህሩ አስጠሩኝ። የሄድኩት ወደ ሳይንሱ ክፍል ነው። መምህሯ ፊቷ ገርጥቶ ቆማለች፤ ሦስቱ ጠርሙሶች ጠረጴዛው ላይ ተደርድረዋል። ውሃ የጠጡት ሁለቱ እንደሚጠበቀው በቅለዋል። ሦስተኛው፣ ጠብታ ያልነካው፣ አራቱም ቦሎቄው ጫፉ ላይ እንደ አይጥ ጭራ ያለች ነጭ ሥር አውጥቷል። አጭር ናት፤ ግን አለች።

«አራት ደረቅ ቦሎቄ አምጣላት» አሉኝ ርዕሰ መምህሩ። «እነዚህን ታውጣና እነዚያን ትተካ። ነገ እንግዳ አለብን።»

«አላደርገውም» አለች መምህሯ።

«ለምን?»

«ልጆቹ ዓርብ ዕለት አይተውታል። ሥዕሉንም ስለውታል።»

«የሰባት ዓመት ልጆች ናቸው፤ ይረሱታል።»

«የኔዎቹ አይረሱም» አለች። «ቢረሱም እኔ አልረሳም።»

ርዕሰ መምህሩ ትከሻቸውን ነቅንቀው ወጡ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ በሆዴ ሁለት ነገር ይመላለሳል። አንዱ ደስታ ነው፤ ክፍሌ ተመለሰ። ሌላው የለመድኩት ነው፤ ይህቺ ልጅ ሆን ብላ አጠጥታው ይሆን? ታዲያ ራሷን ለመጣል ብላ? ወይስ በእኔ ልታላክክ? ሁለተኛው ቁልፍ የማን ኪስ ውስጥ እንዳለ ታውቃለች። ክፍሉን ማን እንደሚፈልገውም አገር ያውቃል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ተጠርጣሪው እኔ እንደሆንኩ ገባኝ። ለዚህ ስሜት አዲስ ነበርኩ፤ ደስ አይልም።

ማክሰኞ ተቆጣጣሪዋ መጡ። ጠና ያሉ፣ መነጽራቸውን በክር ያንጠለጠሉ፣ ብዙ የማይናገሩ ሴት ናቸው። ርዕሰ መምህሩ እኔንም አስገቡኝ፤ ለመደርደሪያ ግድግዳውን የምለካበት ሜትር ኪሴ ውስጥ ነበር። ሃያ ሁለት ልጆች በሦስቱ ጠርሙሶች ዙሪያ ቆመዋል።

መምህሯ ምንም አልደበቀችም። «ሦስተኛው አይበቅልም ብለን ነበር፤ ሁላችንም። በቀለ። ለምን እንደሆነ አላወቅንም» አለች።

ልጆቹ በየተራ ተናገሩ። አንዱ ክዳኑ ያፈሳል አለ። አንዷ አየር ውስጥ ውሃ አለ አለች። ሌላው «ሰው አጠጥቶታል» አለና ወደ እኔ ዞረ። ከዚያ ሃያ ሁለቱም ዞሩ። ጥርሰ ወላቃዋ ግን ጠርሙሱን አንስታ፣ አፍንጫዋን መስታወቱ ላይ ደቅና «መምህር፣ እዚህም ጥጡ ሐምራዊ ሆኗል። በእያንዳንዱ ቦሎቄ ሥር ክብ አለ» አለች።

ያን ጊዜ ገባኝ። ደረቅ ቦሎቄ ጥጥ አይነክርም። ቦሎቄዎቹ እርጥብ ነበሩ፤ ከፖስታዬ ሲወጡም እርጥብ ነበሩ። ሙሉ ሌሊት በሻይ ብርጭቆዬ ውስጥ ውሃ ሲጠጡ አድረዋል። መምህሯ ያመሰገነችኝ ውፍረት የውሃ ውፍረት ነው። ይህን በዚያ ክፍል ውስጥ ከእኔ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ማንም ልጅቷን አልሰማትም፤ ርዕሰ መምህሩ ጣልቃ ገቡ። «ሁለተኛው ቁልፍ ማን ጋ ነው ያለው?» አሉ እኔን እያዩ፤ መልሱን ያውቁታል።

«እኔ ጋ ነው። ግን አልገባሁም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም የሌባ ድምፅ መሰለኝ።

ተቆጣጣሪዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ሰው ገብቶ አጠጥቶት ከሆነ እኮ» አሉ ወደ መምህሯ ዞረው፣ «ጥፋቱ የትምህርቱ አይደለም።»

በሩ ተከፈተላት ማለት ነው። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ብትናገረው ሁሉም ያምናታል፤ እኔ ራሴ ብሆን አምናታለሁ።

«እሳቸው አልገቡም» አለች መምህሯ። «ከዚህ በፊት እንደሚገቡ ስለጠረጠርኩ ጠርሙሶቹን ካስቀመጥን ቀን ጀምሮ ማታ ማታ በሩ ላይ ቀጭን ክር አስር ነበር። ጠዋት ጠዋት አየው ነበር። አንድም ቀን አልተበጠሰም።»

ክር። ሃያ ሁለት ዓመት ሰው ስጠብቅ ኖሬ፣ በራሴ ላይ የታሰረውን ክር አላየሁትም። ግን የወጋኝ እሱ አይደለም። ጠርጥራኛለች፤ ይገባኛል። ጠርጥራ ግን አጣርታለች፤ አጣርታም ያገኘችውን ተናገረች፣ ክፍሏን እንደሚያሳጣት እያወቀች። እኔ የጠረጠርኩትን ሰው አንድም ቀን እንዲህ አድርጌ ነጻ አውጥቼ አላውቅም። ጠርጥሬ እተወዋለሁ፤ እሱም ተጠርጥሮ ይኖራል።

ተቆጣጣሪዋ መጻፍ ጀመሩ። ከቆምኩበት ይታየኝ ነበር፤ «ሙከራው አልተሳካም፤ ምክንያቱም አልታወቀም» ይላል። ዝም ብል ክፍሉ የእኔ ነው። ካርቶኖቼ ከኮሪደር ይነሳሉ። ኪሴ ውስጥ ያለውን ሜትር ጨበጥኩ፤ አልቻልኩም።

«ቦሎቄዎቹ ሌሊቱን ውሃ ውስጥ አድረዋል» አልኩ። «እኔ ነኝ የዘፈዘፍኳቸው። ለእሷ ከመስጠቴ በፊት።»

«ለምን?» አሉ ተቆጣጣሪዋ።

«ምልክት ለማድረግ። በማኅተም ቀለም።»

«ቦሎቄ ላይ?»

«ንብረት ነው» አልኩ፤ ሌላ ምን እላለሁ።

መጀመሪያ የሳቁት ተቆጣጣሪዋ ናቸው። ከዚያ ልጆቹ ተንጫጩ። ርዕሰ መምህሩ ግንባራቸውን ያዙ። መምህሯ ብቻ አልሳቀችም፤ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። እፎይ ብዬ ነገሩ አለቀ ስል ጥርሰ ወላቃዋ እጇን አወጣች።

«ጋሼ ግን እውነታቸውን እንደሆነ እንዴት እናውቃለን?»

ይገርማችኋል፣ ተናደድኩ። ሰው ራሱን አዋርዶ እውነት ተናግሮ ደግሞ ማስረጃ ይጠየቃል? ሌላው ልጅ «መምህራችንን ለማዳን ብለው ይሆናል» አለ። አንዲት ደግሞ «ውሃው ሳይሆን ቀለሙ ቢሆንስ ያበቀለው?» አለች። ይህን የምትለው እንግዲህ የጫማዋን ክር ማሰር የማትችል ልጅ ናት። ተቆጣጣሪዋ የጻፉትን ሰረዙና «በሚቀጥለው ማክሰኞ እመለሳለሁ» አሉ።

በማግስቱ ልጆቹ ቢሮዬ ድረስ መጡ። አሥራ ሁለት አዲስ ቦሎቄ ቆጠርኩ። አራቱን በባዶ ውሃ፣ አራቱን በቀለም ውሃ እነሱ እያዩ ዘፈዘፍኩ፤ አራቱን እንዳሉ ተውኳቸው። በበነጋው ጠረግኳቸው፣ አሰጣኋቸው፣ ያን ቀን ያደረግኩትን ሁሉ ሳላስቀር አደረግኩ። ጥርሰ ወላቃዋ የግድግዳ ሰዓቱን እያየች «አንድ ሰዓት ብለው ነበር፤ ገና ሃምሳ ደቂቃ ነው» ብላ አስቆመችኝ። ሦስት ጠርሙስ፣ ደረቅ ጥጥ፣ ክዳን። ውሃ ለማንም የለም። ሁለተኛውን ቁልፍ ለመምህሯ ሰጠኋትና «ያዥው፤ እኔ ጋ ባይሆን ይሻላል» አልኳት። አንቺ ማለቴን ያወቅኩት ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው።

ያ ሳምንት ረዘመብኝ። ያልነገርኳቸው ነገር ባይኖርም እንደ ወንጀለኛ ነበር የምብሰለሰለው። ባይበቅልስ? ዘሩ ሰነፍ ቢሆንስ? እውነት ተናግሬ ውሸታም ብባልስ? ባለቤቴ «ምን ሆነሃል፣ ምግብ ቀነስክ» ስትለኝ ነገሩን ነገርኳት። ታስተዛዝነኛለች ስል «እሰይ፣ መጠርጠር ምን እንደሆነ አንተም አየኸው» አለችኝና ሳህኑን አነሳች።

ማክሰኞ ጠርሙሶቹ ወጡ። ያልተዘፈዘፉት አራቱ ድንጋይ እንደመሰሉ ናቸው። በውሃ ያደሩት ጭራ አውጥተዋል። በቀለም ውሃ ያደሩትም አውጥተዋል፤ እኩል ለእኩል። ተቆጣጣሪዋ አንድ በአንድ ጎንበስ ብለው አዩ፣ ልጆቹን ጠየቁ፣ ልጆቹም መለሱ። ከዚያ ወደ ርዕሰ መምህሩ ዞረው «ይህ ክፍል አይነካም» አሉ። መምህሯ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ዓይኗን ስትጠርግ አየኋት፤ ያላየሁ መሰልኩ። ካርቶኖቼ ኮሪደር ላይ ናቸው፤ አሁንም በጎኔ ነው የምገባው።

ወደ ቢሮዬ ስመለስ ጥርሰ ወላቃዋ ደብተሯን አቅፋ ተከተለችኝ። መጨረሻ ላይ ያዩትን ይጽፋሉ ብያለሁ፤ የጻፈችውን ልታሳየኝ ነው። መነጽሬ ዓይኔ ላይ ነበር፤ ማንበብ እችል ነበር። ግን በጣቷ ፊደሉን እየተከተለች እሷ አነበበችልኝ። «የንብረት ክፍሉ ጋሼ እውነት ነው የተናገሩት። ሞክረን አይተናል።»

ሃያ ሁለት ዓመት ስለ ወንበርና ስለ ኳስ ብዙ ተጽፎ በእጄ አልፏል። ስለ እኔ እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው አልነበረም፤ እኔም ስለ ማንም ጽፌ አላውቅም።

«እስቲ አንዴ ድገሚልኝ» አልኳት።

ደገመችልኝ።